ደንገጎ ላይ ሲዘንብ

በድሬ ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ፣
ደቻቱ አሸዋውን ዘርግቶ ለፀሐይ፣
ፍየል ሲያቋርጠው፣ ልጅ ኳስ ሲመታበት፣
ደንገጎ ይዘንባል።
ማን ይንገረው ለቤት?

እኔ ያወቅሁት ነሐሴ ዘጠና ስምንት፣
ውሃ ግድግዳችንን ያንኳኳበት ሌሊት።
ታላቄ ዘውገ፣ ወበቁን ሽሽት፣
ደጅ በሽቦ አልጋ ተኝቶ ነበረ፤
አልጋው ተገኘ።
ሌላው እዚያው ቀረ።

አሁን ደም አነባለሁ፤ እንጀራዬ ይህ ነው፤
ክዳኑ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ የሆነው
ቱቦ ሁሉ በኔ እጅ ያልፋል።
ማሽኑ አሽከርክሮ ይለየዋል፦
ቀዩ ይዘቅጣል፣ ውሃው ይንሳፈፋል።
የጤነኛ ሰው ውሃ ገለባ ይመስላል፤
የሮብሌ ዋይስ ግን
እርድ የተበጠበጠበት፣
ጨርቅ ቢነክሩ ቀለም የሚያወጡበት።

ሮብሌ የምድር ባቡር ፍሬን ያዥ ነበረ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት
በሽንሌ በአዲጋላ ሲመላለስ የኖረ።
አሁን ሆዱ ውሃ ቋጥሯል፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፣
ዓይኑ ብርቱካን መስሏል፤
በመስኮቴ ብቅ ሲል ግን "ሳ ቫ፣ ማዳም?" ይላል።
"ሳ ቫ" እለዋለሁ።
ሁለታችንም እንዋሻለን።

አማርኛችን ጉበትን ረስቶታል።
"አንጀቴ ተላወሰ"፣ "ሆዴ ባባ"፣ "ልቤ ደማ" ይላል፤
ጉበቴ የሚል የት ይገኛል?
ዝም ብሎ ያጥባል፣
ዝም ብሎ ይጠጥራል።
ሮብሌ ግን የመጨረሻ ልጁን፣ ሲራድን፣
ጡት ከጣለች ጀምሮ "ቤርከይጋ" ይላታል፤
ጉበቴ ማለቱ ነው፣ በሱማሌኛ።
እሷ ቃሉን እንደ ውል ያዘችው፤
ደሟ ከደሙ ሲገጥም
"ግማሹን ቁረጡለት" አለች፣
እንደ ዳቦ፣ ድምጿ ሳይቀየር።

የባቡር ጡረተኞች ከዚራ ዛፍ ሥር ጨርቅ አነጠፉ፤
የታይዋን ነጋዴዎች ኪሳቸውን አራገፉ፤
ደልሂ ቀጠሮ ተያዘ። ትኬት ለቅዳሜ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦
አዲስ ጉበት እንግዳ ነው።
ሰውነት እንዳያባርረው
ዘበኞቹን በመድኃኒት ያስተኟቸዋል፤
ዘበኛ በተኛበት ቤት
ሌባ ቀድሞ ጓዳ ገብቶ ከተደበቀ
ማን ይጮኻል?

ሐሙስ ጧት።
ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ፣ ብርድ ብርድ የለ፤
ነጭ ሴሎቹ እንኳ አፋቸውን አልከፈቱ፤
ቢሊሩቢኑ ያው፣ አልቡሚኑ እንደ ልማዱ ዝቅ።
አንዲት ቁጥር ብቻ፣ ፕሮካልሲቶኒን፣
ካለፈው ሳምንት አሥር እጥፍ ሆና ወጣች።
ደገምኩት።
መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ እያስነጠሰ እስኪነሳ
በመዝገቡ ሽፋን ፊቴን አራገብኩ።
ደገምኩት።
ያው።

ስልክ አነሳሁ።
"ትኩሳት እኮ የለውም" አለች ዶክተር ፈቲያ፣
"በረራው ደግሞ ከነገ ወዲያ።"
"ደንገጎ ላይ ዘንቧል" አልኳት።
ዝም አለች።
የድሬ ልጅ ናት።

ከሆዱ በመርፌ ቀድተው ላኩልኝ፤
ውሃው ደፍርሷል።

ትኬቱ ተቃጠለ። ሲራድ በሬ ላይ ቆማ
እንደ ሌባ አየችኝ፤
ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፣
ስለ ምኑ እንደሆነ ጠፋኝ።
ሮብሌ ነው፣ መድኃኒቱ በክንዱ ሲንጠባጠብ፣
"ተያት" ያላት፦
"ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዘው ባቡሩ ሳይፈጥን ነው፤
ከፈጠነ በኋላ የሚያዘው ዱዓ ነው።"

ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ። ቁጥሯ ወርዳለች፤
ከደጃፉ ግን ገና አልራቀችም።
ሌላ ቀጠሮ ይሰጡት እንደሆነ አላውቅም።
ማታ ድልድዩን ስሻገር ቁልቁል አያለሁ፤
አሸዋው ደርቋል፣ ፍየሎች ተኝተውበታል።
ድርቀቱን አላምነውም፤
ጆሮዬ ተራራው ላይ ነው።

የነገውን ቱቦ አዘጋጅቻለሁ፣
ስሙን በሰማያዊ እስክርቢቶ፦
ሮብሌ ዋይስ። ጧት። ሳይበላ።